ሰው የማይተኮስበት ጌም

ይህን የምታነቡበት ስልክ ላይ ኢሞጂዎቹን ክፈቱና ትንሽ ወደ ታች ውረዱ። ከመንፈሱና ከሮቦቱ መሀል ሁለት አንቴና ያለው፣ በትንንሽ ካሬዎች የተሠራ አንድ ፍጡር ታገኛላችሁ። በብዙ ስልኮች ላይ ሐምራዊ ነው። አብዛኞቻችን ለሰው ልከነው አናውቅም፤ ምን እንደሆነም ጠይቀን አናውቅም። የዚህ ፍጡር ዘር ማንዘሩ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው አንድ ጌም ነው።

አዎ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። የዚህ ቻናል ተከታታዮች ከእኔ የምትጠብቁት ፖለቲካ እንደሆነ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው መድረሳችን አይቀርም።

በ1978 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ታይቶ በሚባል የጃፓን ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ መሐንዲስ "ስፔስ ኢንቬደርስ" የተሰኘውን ጌም ሠራ። ስሙ ሲተረጎም "የጠፈር ወራሪዎች" ነው። ሥዕሉንም፣ ፕሮግራሙንም፣ ማሽኑንም ከሞላ ጎደል ብቻውን ነው የሠራው። ለሥራው የሚመች መሣሪያ ስላልነበረ መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱ ገጣጠመ። አንድ ዓመት ገደማ ፈጀበት።

ጨዋታው ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 55 ፍጡራን በ5 ረድፍ ተሰልፈው ከላይ ይቆማሉ። ወደ ጎን ይራመዳሉ፣ ጠርዝ ሲነኩ አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ተጫዋቹ ከታች አንዲት መድፍና እየተሸረፉ የሚያልቁ 4 ምሽጎች አሉት። ፍጡራኑ መሬት ከነኩ አለቀ። ከኋላ አራት ወፍራም ድምፆች እየተደጋገሙ ይመታሉ፤ ፍጡራኑ ሲፈጥኑ ድምፁም ይፈጥናል፤ የተጫዋቹ ልብም አብሮ።

የፍጥነቱ ነገር ደግሞ ታሪክ አለው። የዚያን ጊዜው ማሽን 55ቱን አንድ ላይ መሸከም ይከብደው ነበር። ጥቂቶቹ ሲመቱ ሸክሙ ይቀልለትና የተረፉት ይፈጥናሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያርመው ነበር። ኒሺካዶ ግን ጨዋታውን እንዳጣፈጠው አየና ተወው። የመጨረሻዋ አንዲት ፍጡር ከሁሉም ይልቅ የምታስፈራው ለዚህ ነው። ዛሬ ማንኛውም ጌም እየቆየ ሲሄድ እየከበደ መምጣቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንቆጥረዋለን። ለዚህ ልማድ ትልቁን መንገድ የጠረገው ያ የማሽን ድካም ነው።

ጌሙ ጃፓንን አጥለቀለቀ። ቡና ቤቶች ጠረጴዛቸውን አውጥተው የጌም ጠረጴዛ አስገቡ፤ ይህንኑ ብቻ የሚያጫውቱ ቤቶች ተከፈቱ። "የ100 የን ሳንቲም ከአገሩ ጠፋ" የሚለውን ተረት ምናልባት ሰምታችሁት ይሆናል። ውሸት ነው። በ1978 እና በ1979 ጃፓን ያወጣችው የ100 የን ሳንቲም ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ያነሰ ነው፤ እጥረት ቢኖር ኖሮ ይጨምር ነበር። ግን ወሬው ስለሚጣፍጥ በመጻሕፍት ሳይቀር ሲደጋገም ኖረ። በእኛ ሙያም እንዲህ ያለ "የማይጣራ እውነት" ሞልቷል፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላሳልፈው። በ1980 አታሪ ጌሙን ለቤት ማጫወቻው ፈቃድ ገዝቶ ሲያወጣ፣ ሰው ለአንዲት ጌም ሲል ማሽኑን መግዛት ጀመረ። የኔንቴንዶው ሺገሩ ሚያሞቶ ወደ ቪዲዮ ጌም የሳበኝ እሱ ነው ብሏል። የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ የተባለው የጃፓን ባንድ ጌሙ በወጣበት ዓመት ድምፁን አልበሙ ውስጥ አስገባው። እንግሊዛዊው ደራሲ ማርቲን ኤሚስ በ1982 ስለ ጌሙና ስለ መሰሎቹ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፣ ስቲቨን ስፒልበርግ መግቢያ ጻፈለት። ደራሲው ከገነነ በኋላ ስለዚያ መጽሐፍ ማውራት አይወድም ነበር። ራሱን "ኢንቬደር" ብሎ የሰየመ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከ1998 ጀምሮ ፍጡራኑን በሸክላ ጠጠር እየሠራ በፓሪስና በሌሎች የዓለም ከተሞች ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ አንዷ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ድረስ ሄዳለች። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሞማ በ2013 ጌሙን ከስብስቡ አስገባው። በዚያው ዓመት ዲፕማይንድ የተባለው ኩባንያ ኮምፒውተር ራሱን በራሱ ጌም እንዲማር ያደረገበትን ሥራ ሲያወጣ፣ ከሞከራቸው 7 የአታሪ ጌሞች አንዱ ይህ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጉግል ኩባንያውን ገዛው። ዛሬ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ እያልን የምናወራው ነገር በእነዚያ ሸርጣን መሳይ ፍጡራን ላይም ተኩሶ ነው ያደገው።

አንድ ነገር ግን አልተሻገረም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

ኒሺካዶ ጠላት የሚሆነውን ሲፈልግ መጀመሪያ ታንክና አውሮፕላን ሞክሮ ነበር። እንቅስቃሴያቸው በዚያ ማሽን አላማረም። ሰው ግን አመቸ፤ የሰው አረማመድ ለሥዕሉ ይቀላል። ሆኖም ሰውን መተኮስ ነውር ነው ተባለና ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠፈር ዞሮ፣ ኤች ጂ ዌልስ "የዓለማት ጦርነት" ላይ ከገለጻቸው ኦክቶፐስ መሳይ ፍጡራን ተነሥቶ፣ ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሸርጣን የሚመስሉትን የሣላቸው። እነዚያ የምናውቃቸው ምስሎች፣ ስልካችን ላይ ያለውም፣ የመጡት ከአንድ "አይሆንም" ነው።

ነገሩ ለዘመኑ ተራ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1976፣ "ዴዝ ሬስ" የሚባል የአሜሪካ ጌም ወጥቶ ነበር። ተጫዋቹ መኪና እየነዳ ትንንሽ ምስሎችን ይገጫል። ኩባንያው ሰዎች አይደሉም ቢልም ሰው ነበር የሚመስሉት፤ ሲገጩ ይጮኻሉ፣ በቦታቸው መስቀል ይተከላል። አሜሪካ ተቆጣች። ጌሙም በቁጣው የተነሣ ይበልጥ ተሸጠ። ስለዚህ ሰውን ዒላማ ማድረግ እንደሚያዋጣ በ1978 የታወቀ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን ልሂድ። በ1981 ጆርጅ ፎልክስ የተባለ የሌበር ፓርቲ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል "ስፔስ ኢንቬደርስንና ሌሎች ኤሌክትሮኒክ ጌሞችን ለመቆጣጠር" የሚል ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ የምሳ ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ፣ ይሰርቃሉ አለ። አንድ የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል ተነሥቶ እኔም እጫወታለሁ፣ ምን ጉዳት አለው ብሎ ተከራከረ። ድምፅ ተሰጠ፤ 94 ለ114፤ ረቂቁ ወደቀ። በሃያ ድምፅ ልዩነት ብቻ!

ይህን ሳነብ የሳቅኩት በእንግሊዞቹ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት ለዳቦ የተሰጠኝን ብር ይዤ ገብቼ፣ እማዬ ነጠላዋን እንደተከናነበች መጥታ በጆሮዬ ጎትታ ያወጣችኝን ቀን አስታወስኩ። የሷም ክስ ያው የፎልክስ ክስ ነበር፣ ቃል በቃል። ስለ ዳቦው ልክ ነበረች። ነገር ግን እዚያ ቤት አብረውኝ ከነበሩት ልጆች ውስጥ ጌም ገዳይ ያደረገውን አላውቅም። ጌም ልጆቻችንን አረመኔ ያደርጋል የሚለውን ክርክር ከሚያምኑት ወገን አይደለሁም፤ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው።

የሚያስፈራኝ ጌም ቤት ያለው ልጅ ሳይሆን፣ ልጁን ቆሞ ሲያይ የነበረው ወታደራዊ መሥሪያ ቤት ነው። አታሪ በ1980 "ባትልዞን" የሚባል የታንክ ጌም ሲያወጣ የአሜሪካ ጦር ወዲያው ለሥልጠና የሚሆን ቅጂ እንዲሠራለት ጠየቀ። የጌሙ ደራሲ ኤድ ሮትበርግ ተቃወመ፤ በመጨረሻ ከዚህ በኋላ የጦር ሥራ እንዳይሰጠኝ ብሎ ሠራው። በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ፍሎሪዳ ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ ቪዲዮ ጌም የሚጫወቱ ልጆች የእጅና የዓይን ቅንጅታቸው የሚገርም እንደሆነና አየር ኃይሉም የነገ ድንቅ አብራሪዎች አድርጎ እንደሚያያቸው ተናገረ። በ2018 ሥራ የጀመረው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ኮሎራዶ፣ መርከበኞቹ ከውኃው በላይ ያለውን የሚያዩበትን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሱት በኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነው። ወጣቶቹ ስለለመዱት ይቀላቸዋል ተባለ። ምክንያታዊ ነው፤ አልክድም።

አሁን ደግሞ ዩክሬን። ለድሮን ክፍሎች የነጥብ ሥርዓት ተዘርግቷል። የመታኸውን በቪዲዮ ታረጋግጣለህ፣ ነጥብ ይሰጥሃል፣ በነጥቡ ከመንግሥት የኢንተርኔት ገበያ ሌላ ድሮን ትገዛለህ። ታንክ ነጥብ አለው፤ መድፍ ነጥብ አለው። ሰውም ነጥብ አለው። ዩክሬን የተወረረች አገር ናት፤ የእሷ ወራሪዎች የጠፈር አይደሉም፤ ራሷን በምን ዘዴ ትከላከል ብዬ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ስክሪኑን አስቡት። ከላይ የሚታዩ ትንንሽ ምስሎች፣ ወደ ጎን የሚሮጡ፣ ሲመቱ ቁጥር የሚጨምሩ። ኒሺካዶ ማሽኑ ቢችልም ሊሥለው ያልፈለገው ሥዕል ይኸው ተሣለ። እኛም አገር "ድሮን" የሚለውን ቃል የተማረ ገበሬ ከጌም አልተማረውም።

አንድ ወዳጄ ይህን ረቂቅ አይቶ፣ "ያው ፍጡር ብሎ ተኮሰባቸው እኮ፤ ምን ለውጥ አመጣ?" አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሁለት ቀን አሳሰበኝ። እውነት ነው፣ የማይናገር፣ ፊት የሌለው፣ እንዲሁ በብዛት የሚመጣ ጠላት መፍጠር ቀላል መንገድ ነው፤ ማንም አይራራለትም። ግን አቅጣጫውን እንይ። የጌሙ ሰው ሰውን ከዒላማው አነሣና ፍጡር ተካ። ፖለቲካ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፦ ሰውን በቦታው እንዳለ ይተወውና ስሙን ብቻ ወደ ፍጡር ይለውጣል። ሩዋንዳ ውስጥ በሬዲዮ "በረሮ" ተባለ። እኛ ዘንድ ጅብ፣ ነቀርሳ፣ አረም ሲባል ሰምተናል፤ በመድረክም፣ በሶሻል ሚዲያም፣ በራሳችን ወገን በምንለውም በሌላውም። እዚህ ቻናል ሥር በሚጻፉ አስተያየቶችም አይቻለሁ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ሳላጠፋ አልፌያለሁ። ስሙን ከለወጥክ በኋላ የቀረው የነጥብ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው ያንን የ1978 ውሳኔ ከፈጣኖቹ ፍጡራንና ከአራቱ ድምፆች በላይ የማስቀምጠው። ኒሺካዶን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። ደመወዝተኛ መሐንዲስ ነበር፣ ሥራውን ሠራ። ጌሙ ሚሊዮኖችን ሲያዝናና ትርፉ የኩባንያው ሆነ፤ ኩባንያውም በ2005 በስኩዌር ኢኒክስ ተገዛ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጌም ሠሪዎች ከጌሙ የወሰዱት ብዙ ነው፦ ከፍተኛ ነጥብ መመዝገቡን፣ ማዕበል በማዕበል መምጣቱን፣ ምሽጉን። "ሰውን ዒላማ አላደርግም" የሚለውን የወሰደ ግን ጥቂት ነው። ማሽኑ እየጎለበተ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ፊት መሣል ሆነ፤ ቀጥሎም ያንን ፊት መተኮስ።

ስፔስ ኢንቬደርስ መጨረሻ የለውም። 55ቱን ብትጨርስ ሌላ 55 ይመጣል፣ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሁሌም የሚያበቃው በተጫዋቹ ሽንፈት ነው። ኒሺካዶ ካረጀ በኋላ ጋዜጠኞች በጌሙ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ይጠይቁት ነበር። መልሱ የመጀመሪያውን ዙር ማለፍ እንኳ ይከብደኛል የሚል ነበር።