የግራ እጅ ጉዳይ

በዚህች ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ተርባይን፣ ስለ ባዮጋዝ፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ነው። እኔ ግን ዛሬ ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ ዕቃ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ የሞተር ሳይክል የፍሪሲዮን ሊቨር። በግራ እጅ ስንጨብጠው ሞተሩን ከማርሹ የሚለያየው ማለቴ ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ያጽፋል?" የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዛው ነበር የማስበው።

ነገሩ የጀመረው ከታላቅ እህቴ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ትሠራለች። ደንበኞቿን በየሱቁና በየሰፈሩ እየዞረች የምታየው ቆጥባ በገዛችው ሞተር ነው፤ 150 ሲሲ፣ የሕንድ ሥራ። ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሞኖፖል፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ከተማ ውስጥ ሞተር መንዳት ማለት ደግሞ ፍሪሲዮን መጨበጥና መልቀቅ ማለት ነው። ፊት ለፊት ያለው ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ይቆማል፣ ትጨብጣለህ፤ ይነሳል፣ ትለቃለህ፤ ሃያ ሜትር ሳይሄድ መልሶ ይቆማል። ማታ ቤት ስትገባ የግራ አውራ ጣቷን ሥር እያሸች ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን "ሞተሩን ልሸጠው ነው" አለች። ሞተር ከሌለ የመስክ ሥራው የለም፤ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ክፍት ቦታ የለም ተብላለች።

እኔ የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ተማሪ አይደለሁ? እጇ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ሊቨር ያስፈልጋታል ብዬ ደመደምኩ። መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ አጭር፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ሊቨር ገዛሁ። ባለሱቁ "ወንድሜ፣ ይሄ ሲ ኤን ሲ ነው፣ ለሁሉም ሞተር ይሆናል" አለኝ። የድሮውን ፈትቼ በአንድ ቡሎን አሰርኩት። እውነት ለመናገር ሞተሩ አማረበት።

በሁለተኛው ቀን የእጇ ሕመም ባሰ። በሦስተኛው ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ ሊቨሩን እስከ መጨረሻው ጨብጣ በአንደኛ ማርሽ ቆማ ሳለ ሞተሩ ቀስ እያለ ወደፊት ተሳበ፤ ፊቷ የነበረውን ባጃጅ ከኋላ ነካው። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ቤት ገብታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "አንተ መሐንዲስ፣ እስቲ ራስህ ንዳው" አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱንም ሊቨሮች ይዤ ወርክሾፕ ገባሁና በካሊፐር ለካኋቸው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ርዝመትን ከርቀት ጋር ማምታታቴ ነበር። የእህቴ ችግር ሊቨሩ መርዘሙ ሳይሆን ከእጀታው መራቁ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነበር የምትስበው። አጭሩ ሊቨር ይህን ክፍተት በአንዲት ሚሊሜትር እንኳ አልቀነሰውም። ይልቁንም ጣቶቿን ወደ ቡሎኑ አስጠጋቸው።

ቡሎኑ ጋ መጠጋት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ይነግረናል። በድሮው ሊቨር ላይ ከቡሎኑ እስከ ሽቦው መያዣ ቀዳዳ ያለው ርቀት 30 ሚሊሜትር፣ ከቡሎኑ እስከ ጣቶቿ መሐል 105 ሚሊሜትር ነበር። ሽቦውን ለመሳብ 140 ኒውተን ያስፈልጋል ብንል እጇ የሚጠየቀው 40 ኒውተን ነው። አጭሩ ላይ ጣቶቿ 75 ሚሊሜትር ላይ አረፉ። የሽቦው ቀዳዳ በ30 ሚሊሜትር ቢቆይ ኖሮ 56 ኒውተን ይሆን ነበር። ግን አልቆየም፤ 26 ሚሊሜትር ነበር! ይህ ሸክሙን ወደ 48.5 ስለሚያወርደው የሚጠቅም ይመስላል፣ ከ40 ግን አሁንም በላይ ነው። ጉዳቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። ሊቨሩ ያንኑ ያህል ሲታጠፍ የሚስበው ሽቦ በ13 በመቶ ገደማ አነሰ። ስለዚህ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ሙሉ በሙሉ አይላቀቁም፣ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ፎሌ ማግኘት አበሳ ይሆናል፣ ሞተሩም ቆመህ ሳለ ይሳባል። እህቴን ባጃጁ ላይ የገፋት ይህ የ4 ሚሊሜትር ልዩነት ነው።

እንግዲህ አሮጌውን ሊቨር ኪስ ሳይከቱ አዲስ ሊገዙ መሄድ ዓይንን ጨፍኖ ጫማ እንደ መግዛት ነው የምለው ለዚህ ነው። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይበቃል። የቡሎኑ ቀዳዳ ስፋት አንድ ነው? የሽቦው ራስ የሚገባበት ርቀት አንድ ነው? ከሆነ ቀለሙን እንደ ልብ መምረጥ ይቻላል።

"ሲ ኤን ሲ" የሚለውን ቃል በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ቃሉ የሚነግረን ዕቃው እንዴት እንደተቆረጠ እንጂ ከምን እንደተቆረጠ አይደለም። ከጥሩ የአልሙኒየም ቅይጥ የተቆረጠ አለ፣ እንደ 6061 ያለ፤ ከማይታወቅ ነገር የተቆረጠም አለ፤ ከቀለም በኋላ ሁለቱም ያው ይመስላሉ። እኔ ይልቅ የማየው ጫፉን ነው። ጫፉ ክብ ኳስ ካልሆነ አልገዛም፣ ምክንያቱም በመውደቅ ጊዜ ሹል ጫፍ ሰው ይወጋል። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ እንኳ ክብ ጫፍ ይጠይቃል። (በሃይድሮሊክ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ኀፍረቴ። ሰፈራችን ያሉት አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ጋ ሄጄ ይህን ሁሉ ሒሳብ ዘረገፍኩላቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ሽቦውን አይተኸዋል?" አሉ። አላየሁም። ፈትተው ሲያሳዩኝ ሽቦው ከሽፋኑ ውስጥ ደርቋል፣ ከመሪው ሥር ባለው መታጠፊያ ላይም ክሮቹ መበጣጠስ ጀምረዋል። አዲስ ሽቦ አስገባን፣ የቡሎኑን ማረፊያ ጠርገን ግራሶ ቀባነው፣ የድሮውን ሊቨር መልሰን አሰርን። ያቺ ብቻ ግማሹን ሸክም ያቀለለች መሰለኝ። ሊቨር ሳልገዛ በፊት መደረግ የነበረበት ይህ ነበር።

ቀሪው ክፍተቱ ነው። ለዚህ ሦስተኛ ሊቨር ገዛሁ፦ ሙሉ ርዝመት፣ የሽቦው ርቀት 30 ሚሊሜትር፣ ወደ እጀታው የሚያቀርብና የሚያርቅ ባለ ስድስት ደረጃ ማስተካከያ ያለው። ወዲያው እጅግ የቀረበው ደረጃ ላይ አደረግሁት። ይሄም ስሕተት ነበር፤ ሊቨሩ ፍሪሲዮኑን ሳይፈታ እጀታውን ነካ። ሁለት ደረጃ መልሰን፣ ጫፉ ላይ ወደ 15 ሚሊሜትር ልል ቦታ ተውን። ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነስታ፣ አንደኛ አስገብታ፣ ሙሉ በሙሉ ጨብጣ ቆመች። አልተሳበም። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው።

በበኩሌ የሚቆጨኝ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አለማንሳታችን ነው። የፍሪሲዮን ዲስክ ስንት ኒውተን ሜትር እንደሚያስተላልፍ እናሰላለን፣ ፈተናም ይመጣል። ያንን ዲስክ የምትፈታው እጅ ግን በሒሳባችን ውስጥ የለችም። ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ሱፐር ካብን ሲያወጣ የፍሪሲዮኑን ሊቨር ጨርሶ አስቀርቶ በራሱ የሚሠራ ፍሪሲዮን አደረገለት። ከምክንያቶቹ አንዱ ምግብ የሚያደርስ ሰው አንድ እጁን ለዕቃው እንዲጠቀምበት ነበር። እዚያ ንድፉ ሲጀመር የነጂው እጅ ታስቧል። እኛ ጋ ደግሞ ዕቃው የተሠራው በሌላ ሰው እጅ ልክ ነው፤ የሚነዱት ሴቶች ቁጥር በዓይናችን እያየን ሲጨምር እንኳ "ልመጂው" ነው የምንላቸው። የማሽን ዲዛይን መምህራኖቻችን ለቀጣዩ ባች አንድ የቤት ሥራ ከዚህ ቢያወጡ ደስ ይለኛል። ሦስቱንም ሊቨሮች ወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ... ይቅርታ፣ ሁለቱን ማለቴ ነው፣ አስቀምጬአቸዋለሁ፤ ለክቶ ማየት የፈለገ ይችላል። ካሊፐሩን ግን መልሱ።

ሦስተኛው ሞተሩ ላይ ነው። እህቴ አሁንም ከአቶቴ ፒያሳ ትመላለሳለች፤ ስለ መሸጥ ካነሳች ሁለት ወር አለፋት። ቀለሙ ጥቁር ነው። ባለፈው እሑድ ስታጥበው ቆይታ "ይሄው ራሱ በቀይ የለም?" ብላ ጠየቀችኝ። እየፈለግሁላት ነው።