ሁሉም ሰው ይከታተለኛል ለሚል ጓደኛ ምን እንመልስ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልካችሁ ብልጭ አለ እንበል። የልጅነት ጓደኛችሁ በቴሌግራም የ11 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኳል። እያንሾካሾከ ነው የሚያወራው። «ነጯ ቪትዝ ዛሬም ነበረች። ባለሱቁም ከእነሱ ጋር ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሆን ብላ ነው ያሳለችው። ለማንም እንዳትናገሩ፣ ስልኬን ይሰሙታል።»

ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን ነው የምናደርገው። ወይ «አንተ ደግሞ ፊልም አበዛህ» ብለን እንስቃለን፤ ወይ «ዋ! ተጠንቀቅ፣ ዘመኑ ክፉ ነው» ብለን እሳቱ ላይ ቤንዚን እንጨምራለን። ሁለቱም ጓደኛችንን ይጎዱታል።

እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ነገሩ ስም ወጥቶለታል፤ «ጋንግ ስቶኪንግ» ይሉታል። ብዙ ሰው ተደራጅቶ አንድን ተራ ሰው በስውር ይከታተላል፣ ያሰቃያል ማለት ነው። ይህ ደረሰብን የሚሉት ሰዎች ራሳቸውን «ዒላማ የተደረግን ግለሰቦች» ብለው ይጠራሉ። ታሪካቸው ይመሳሰላል፦ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ መንገደኛው፣ የሚያልፈው አምቡላንስ ሳይቀር ሁሉም የሴራው አካል ነው።

ሎሬይን ሸሪዳን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ዴቪድ ጄምስ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ክትትል ደርሶብናል ብለው በኢንተርኔት መጠይቅ የሞሉ 1,040 ሰዎችን ታሪክ መርምረው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 128ቱ የተከታተለን የተደራጀ ቡድን ነው ያሉ ናቸው። አጥኚዎቹ 128ቱንም ታሪኮች ከእውነታ ጋር የማይገናኝ የጸና እምነት ሆነው ነው ያገኟቸው። በአንድ ሰው ተከታተልን ካሉት መካከል ግን እንዲህ የተባሉት 3.9 በመቶ ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፣ የጥናቱ ሌላው ግኝት ከዚህ ያላነሰ ነው፦ በቡድን ተከታተልን ያሉት ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ስቃይ ከሌሎቹ የባሰ ነበር። ቡድኑ የለም ማለት ስቃዩ የለም ማለት አይደለም።

«ታዲያ ስለላ የሚባል ነገር ውሸት ነው?» ትሉ ይሆናል። በፍጹም። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የኖረው ያለምክንያት አይደለም። የደርግን ቀበሌ፣ የኋላውን «አንድ ለአምስት» ወላጆቻችን ያስታውሱታል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች፣ በ2017 ደግሞ በውጭ የሚኖሩ የተቃውሞ ድምፆች የስለላ ሶፍትዌር ተልኮባቸው እንደነበር አጋልጧል፤ ጥቃቱንም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። የምሥራቅ ጀርመኑ ሽታዚም እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መመሪያ ተቃዋሚዎችን በሐሜት፣ ከሥራ በማፈናቀል፣ ቤታቸው ገብቶ ዕቃ በማዘዋወር ጭምር አእምሯቸውን የመስበር ዘዴ ዘርግቶ ነበር።

ነገር ግን ልዩነቱን እዩት። እውነተኛ ክትትል ባለቤት አለው፣ ምክንያት አለው፣ ዱካ ይተዋል። ሽታዚ መዝገብ ነበረው፤ ከ1992 ጀምሮ ሰዎች የራሳቸውን ፋይል አንብበዋል። የ2017ቱ ጥቃት የፍላሽ ማጫወቻ ማደሻ መስሎ በኢሜይል የመጣ ሊንክ ነበር፤ ሊንኩ ተገኘ፣ ተመረመረ፣ የሶፍትዌሩ ሻጭ ኩባንያ ጭምር ታወቀ። ወሰንም አለው። የሰፈሩን ባለሱቅ፣ የታክሲውን ተሳፋሪና የአክስትን ልጅ በአንድ ላይ ደመወዝ ከፍሎ የሚያሰማራ አካል የለም።

የጓደኛችን ፍርሃት ግን ወሰን የለውም፤ ክቡ በየቀኑ ይሰፋል። ማስረጃ ሲጠፋ «ይኸው፣ ደብቀውታል» ይባላል። የተጠራጠረ ወዳጅ ደግሞ «አንተም ከእነሱ ነህ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ቪትዝ መቁጠር የጀመረ ሰው የማያይበት ቀን የለም፤ መኪናዋ ስለምትከተለው ሳይሆን ከተማው በነጭ ቪትዝ የተሞላ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ስልካችን የራሱን ድርሻ ይጫወታል። በፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው አንድ ጊዜ «እየተከታተሉኝ ነው» ብሎ ከፈለገ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በማግስቱ አሥር ተመሳሳይ ቪዲዮ ይደረድሩለታል። እዚያ የሚያገኛቸው ሰዎች «እናምንሃለን» ይሉታል። ለብቸኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥለው ግን «ሐኪም ጋ እንዳትሄድ፣ ቤተሰብህን እንዳታምን» ይሉታል። ወጥመዱ ያ ነው።

ዋጋው ከባድ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2013 አሮን አሌክሲስ የተባለ አሜሪካዊ ሰዎች ተከታትለውኛል፣ በማይክሮዌቭ ማሽን ንዝረት እየላኩ እንቅልፍ ነሱኝ ብሎ ለፖሊስ ተናገረ፤ ለማምለጥም ሆቴል ቀያይሮ ነበር። በቀጣዩ ወር ዋሽንግተን በሚገኝ የባህር ኃይል ቅጥር ግቢ 12 ሰዎችን ገደለ። እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም፤ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው። ሥራ ይለቃሉ፣ ቤት ይቀይራሉ፣ ስልክ ይሰብራሉ፣ በመጨረሻም ብቻቸውን ይቀራሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ መመርመር የሚቻለውን እንመርምር። እውነተኛ ክትትል ሲኖር ብዙውን ጊዜ የሚከታተለው የሚታወቅ ሰው ነው፤ የተለያት ፍቅረኛዋ፣ የይለፍ ቃሏን የሚያውቅ ዘመድ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች እዩ፤ የማታውቁት ካለ አስወጡት። የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፣ ሎኬሽን የሚያይ አፕ የትኛው እንደሆነ ፈትሹ። አንድ የታወቀ ሰው እየዛተ ከሆነ መልእክቱን አስቀምጣችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምንም ሳይገኝ ፍርሃቱ ከቀጠለ ግን ጉዳዩ የስልክ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ጫትና ሐሺሽ ማብዛት፣ ከባድ ጭንቀት፣ በስደት ብቻን መኖር አእምሮን እዚህ ሊያደርሱት ይችላሉ፤ ሌላ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ይታከማል። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ከአዲስ አበባ ውጪም እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ቤተሰብ ጠበል ልውሰደው ካለም መጣላት አያስፈልግም፤ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ።

ለዚያ የሌሊት መልእክት ደግሞ መልሱ ክርክር አይደለም። «የሉም» ብላችሁ ብትሟገቱ ከጠላቶቹ ትቆጠራላችሁ፤ «አሉ» ብትሉ ገደል ትገፉታላችሁ። እንዲህ በሉት፦ «እኔ አላየኋቸውም። አንተ ግን መፍራትህን፣ እንቅልፍ ማጣትህን አይቻለሁ። ነገ ጠዋት መጥቼ አብረን ቁርስ እንበላለን፣ ከዚያ እንቅልፍህን የሚያይልህ ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ።» ራሴን ላጥፋ ወይም ሰው ልጉዳ ካለ ግን ጠዋትን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ቤተሰቡን ቀስቅሱ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያንን የ11 ደቂቃ ድምፅ ለሌላ ግሩፕ «ስሙት እስቲ» ብላችሁ እንዳትልኩት። ሰዎች ስለ እኔ በስውር ያወራሉ ብሎ የሚፈራን ሰው፣ በስውር አውርተን ፍርሃቱን እውነት አናድርግበት።