ሌሊትን ሰርቆ ቁርስን መክሰስ

በዛሬው ወጣት ዘንድ ጥቂት መተኛት እንደ ጀግንነት ተቆጥሯል። «እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ዓይኔን አልከድንም» ብሎ የሚመካ ተማሪ አለ፤ ጓደኞቹም ያደንቁታል። ይኸው ጀግና ጧት ቁርሱን ትቶ ይወጣል፤ 4 ሰዓት ሲሆን ግን ሻይ ቤት ገብቶ ስኳር የበዛበት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ ይውጣል። እናቱም «ልጄን ያደከመው ቁርስ አለመብላቱ ነው» ይላሉ። እናትን መቃወም ደስ አይልም፤ ነገር ግን የተከሰሰው ወንጀለኛው አይደለም። በጾም ወራት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ፣ በጊዜ ተኝተው በጊዜ የሚነሡ ስንት ብርቱ አረጋውያን በያገሩ አሉ!

ማስረጃ የሚሻ ይስማ። በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ካሪን ስፒገልና ባልደረቦቻቸው 11 ጤነኛ ወጣቶች ለ6 ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲያድሩ አደረጉ፤ ኋላም በየሌሊቱ 12 ሰዓት ፈቀዱላቸው። እንቅልፍ ባጡ ጊዜ በደም ሥራቸው የገባው ስኳር ከደም የሚጠራበት ፍጥነት፣ ጠግበው ከተኙበት ጊዜ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ቁርስ ሲበሉም የደማቸው ስኳር ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ ቁርሱ ያው ቁርስ ነው፤ የተለወጠው ተቀባዩ ሰውነት ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ ያስገባ ዘንድ ያዛል፤ ያልተኛ ሰውነት ግን ትእዛዙን እንደ ደንቆሮ ያሳልፈዋል። ይህ ሲለመድ ወደ ስኳር በሽታ የሚወስደው መንገድ ይጠረጋል።

የቦምቦሊኖውም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት፣ ሁለት ሌሊት ብቻ እንቅልፍ የጎደላቸው ወጣቶች ረሃባቸው ጨመረ፤ ይልቁንም ጣፋጭና የዱቄት ምግብ አማራቸው። እንግዲህ ልጁ ሆዳም ሆኖ አይደለም፤ ሌሊቱ ነው ሻይ ቤት የሚልከው።

ዘበኛውና ተረኛዋ ነርስ ለእንጀራቸው ሲሉ ይነቃሉ፤ እነርሱን የሚወቅስ ልብ የለኝም። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ የሰው ጭፈራ ሲመለከት የሚያነጋው ግን ደመወዙን ከማን ይቀበላል?

«ቅዳሜና እሑድ እተካዋለሁ» የሚልም አለ። በ2019 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ይህ ተፈትኗል፤ ሁለት ቀን እንደ ልባቸው ተኝተው ወደ አጭር ሌሊታቸው የተመለሱት ሰዎች፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን እንደገና ደንቁሮ ተገኘ።