ዓሣ ነባሪዎቹና የተቆረጠው መንገድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2016፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ መጠኑ 7.8 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ገደሉ እየተናደ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ከሰሜንም ከደቡብም ዘጋ። ነዋሪዋ ከጥቂት ሺህ የማይበልጠው የባሕር ዳር ከተማ ካይኮራ ወደ 1,000 ከሚጠጉ እንግዶቿ ጋር መውጫ አጣች። እንግዶቹን ሄሊኮፕተርና የባሕር ኃይል መርከብ መጥተው አወጧቸው። የከተማዋ ሰው እዚያው ቀረ፤ እንጀራው ግን በዚያው መርከብ ተሳፍሮ ሄዷል።

ካይኮራ የምታድረው በዓሣ ነባሪ ነው። ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቅ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆ አለ። ስፐርም ዌል የሚባሉት ግዙፍ ዓሣ ነባሪዎች ምግባቸውን ፍለጋ እዚያ ይጠልቁና ለመተንፈስ ብቅ ይላሉ። ቱሪስቱ በጀልባ ወጥቶ የሚጠብቀው ይህችን የጥቂት ደቂቃ ብቅታ ነው።

ጀልባዎቹ የማን እንደሆኑ ማወቅ ግን ከዓሣ ነባሪዎቹ ግዝፈት ባልተናነሰ ይጠቅማል። በ1980ዎቹ የኒውዚላንድ መንግሥት ባቡሩንና ሌሎች ድርጅቶቹን እንደገና ሲያዋቅር፣ በካይኮራ ከሥራ ከተበተኑት መካከል የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ክፉኛ ተጎዱ። በ1987 ቢል ሰለሞንን የመሰሉ የአካባቢው የማኦሪ መሪዎችና ቤተሰቦች ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ በአንዲት ትንሽ ጀልባም ዓሣ ነባሪ የማስጎብኘት ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ዌል ዎች ካይኮራ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ይህ ነው። ዓሣ ነባሪ ሳያዩ ለተመለሱ እንግዶች ከከፈሉት 80 በመቶውን ይመልሳል። በራሱ ገንዘብ እንዲህ የሚወራረድ ነጋዴ ባሕሩን ለማስቀየም አይቸኩልም።

ሕጉም ቢሆን ልጓም አበጅቷል። ከዓሣ ነባሪ 50 ሜትር ድረስ ነው የሚቀረበው። በ300 ሜትር ክልል ውስጥም ጀልባና አውሮፕላን ተደምሮ ከሦስት መብለጥ አይችልም። ያለ ተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ደግሞ ማንም ጎብኚ ጭኖ አይወጣም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመው በ2005 የተቋቋመው ቴ ኮሮዋይ የተባለው ስብስብ ነው። ማኦሪው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ አስጎብኚውና ተፈጥሮ ጠባቂው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለዓመታት ተከራክረው ባሕሩ እንዴት ይያዝ የሚለውን ራሳቸው ጻፉ። ፓርላማው በ2014 ሕግ አደረገው፤ ከ10,000 ሄክታር በላይ የሆነ የባሕር ጥብቅ ክልልም ተከለለ። ምድር የተናወጠችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የማገገሚያ ዕቅድ የሚጻፈው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው የሚል ካለ ካይኮራን ይመልከት፤ ዋናው ምዕራፍ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመሐንዲሶች ሥራ ነው፤ እሱም ቀላል አልነበረም። የባሕሩ ወለል በከተማዋ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ከፍ በማለቱ የወደቡ ውኃ ጎደለ። ጀልባዎቹ ለወራት የሚወጡት ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነበር። ወደቡ ተቆፍሮ አደጋው አንድ ዓመት በሞላበት ዕለት ዳግም ተከፈተ፤ አውራ ጎዳናው በዲሴምበር 2017፣ የመንገደኛው ባቡር በ2018 መጨረሻ ተመለሱ። እስከዚያው ባዶ ይሆኑ የነበሩትን የእንግዳ ማረፊያዎች የመንገድ ሠራተኞች ሞሏቸው። ያንን ጊዜ ብዙ ሆቴሎች የተሻገሩት በቱሪስት ሳይሆን በእነዚያ ሠራተኞች ነው።

መንገድ በቡልዶዘር ይከፈታል፤ ባሕሩ ግን የራሱ ቀጠሮ አለው። ነውጡ ከሸለቆው ውስጥ 850 ሚሊዮን ቶን ያህል ደለል ጠርጎ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ እንዳወረደው ተመራማሪዎች ለክተዋል። በደለሉ ላይ ይኖር የነበረው ሕይወትም አብሮ ተጠረገ። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ዓሣ ነባሪዎቹ ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ገደማ ወትሮ ከሚቆዩት ይልቅ ላይ ላይ ረዘም አድርገው እንደቆዩ አስተዋሉ፤ ምግብ ፍለጋው የከበዳቸው ይመስላል። ለቱሪስቱ ካሜራ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ለእንስሳው ግን ድካም ነው። የጎብኚ ቁጥርን ብቻ የሚቆጥር ዕቅድ ይህን ለይቶ ማየት አይችልም።

ልጓሙ ሲላላ የሚሆነውን ደግሞ ፓዋ አሳይቷል። ፓዋ በአለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሥጋው የሚወደድ፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ወለሉ ከውኃ ሲወጣ ብዙው በፀሐይ ደርቆ አለቀ፤ ለቀማውም ተከለከለ። አምስት ዓመት ያህል ከተጠበቀ በኋላ በዲሴምበር 2021 ለሦስት ወር ሲፈቀድ ሰዉ ከሩቅም ከቅርብም ጎረፈ። ለመዝናናት የሚለቅመው ሰው ብቻ ከተመደበለት በብዙ እጥፍ ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወራቱም ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደውም ተቀነሱ። ሆቴሎቹ ያን በጋ ተደስተው ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ትዕግሥት ግን በሦስት ወር ተነካ። የተዘጋ ነገር ሲከፈት የመጀመሪያው ወቅት ከሁሉ የከፋው እንደሆነ የማያውቅ አስተዳዳሪ ሊኖር አይገባም ነበር። ጥቂት ቀን ብቻ ፈቅዶ፣ የተለቀመውን እየቆጠሩ ማስረዘም ይቻል ነበር።

የገቢው ነገርም ገና አልተፈታም። ኮሮና በ2020 የአገሪቱን ድንበር ሲያዘጋ ካይኮራ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እንግዳ አጣች፤ በዚህኛው ዙር ክፍል የሚከራይ የመንገድ ሠራተኛ አልነበረም። አዲሱ መንገድም እንደ አሮጌው በገደልና በባሕር መካከል ተቀርቅሮ ነው የሚሄደው። በደሴቱ ሌላኛው ወገን ያለው አልፓይን የተባለው የመሬት ስንጥቅ በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ነውጥ የማድረስ ዕድሉ 75 በመቶ ገደማ እንደሆነ ሳይንቲስቶች ያሰላሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዕቅድ እንግዳ ለሌለበት ዓመት የሚሆን ተቀማጭ በደጉ ዘመን ከእያንዳንዱ የጀልባ ትኬት ቢቀነስ፣ ዋጋው ትንሽ ቢወደድ እንኳ፣ ከሌላ የማስታወቂያ ዘመቻ ይሻላል። ገንዘቡን ማን ይዞ ማን ይወስንበት የሚለው ክርክር ያስነሳል፤ ግን ቴ ኮሮዋይ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከዚህ የባሰ ክርክር አስተናግዷል።