ከባሕር የተወለደ ውበትና ጥገናው

ውበት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመረውን ጌጥ፥ ይኸውም ቀለሙንና ቅርጹን ነው። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኙትን ጥንታውያን ቤቶች አስተውሎ የተመለከተ ሰው፥ እውነተኛው የሕንፃ ውበት ከጌጥ አስቀድሞ ሰው ለአገሩ ፀሐይ፥ ለነፋሱና ለአፈሩ ከሚሰጠው አክብሮት የሚወለድ መሆኑን ይረዳል። ይህንም መረዳት ለሠዓሊና ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የጥገና ውል የሚፈርመውን ሹምና ቤት የሚያከራየውን ነጋዴም በቀጥታ ይመለከታል።

ለዚህ ነገር ምጽዋ የታመነች ምስክር ናት። በደሴቶች ላይ የተቈረቈረችው ይህች የወደብ ከተማ በ1557 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቱርኮች እጅ ገባች፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግብጻውያን፥ በ1885 ደግሞ ኢጣልያኖች ያዟት። ገዢው ቢለዋወጥም የአገሩ ሙቀት ግን አልተለወጠም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ የአየሩም እርጥበት ብርቱ ነው። ስለዚህ ከየትም አገር የመጣ ግንበኛ በዚያ ቤት ለመሥራት ሲነሣ፥ ይዞት የመጣውን ልማድ ከስፍራው ጠባይ ጋር ማስማማት ግድ ሆነበት።

የቤቶቹ ድንጋይ የተገኘው ከባሕር ነው። ኮራል የሚባለው ይህ ድንጋይ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የሚገነቡት ሲሆን፥ ከውኃ እንደ ወጣ ለመቈረጥ ለስላሳ ነው፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይጠነክራል። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለ ሆነ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሙቀትንም ቶሎ አያስተላልፍም። ይኸው ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ኖራ ይወጣዋል። እንግዲህ ግንቡም፥ የግንቡ ማያያዣም፥ ልስኑም የአንድ ባሕር ልጆች ናቸው ማለት ነው።

የቀረውም የቤቱ ክፍል እንዲሁ ምክንያት አለው። ወደ መንገድ ብቅ ያሉት ባለ ፍርግርግ የእንጨት መስኮቶች ነፋሱን ያስገባሉ፤ የፀሐዩን ኀይል ያበርዳሉ፤ በውስጥ የተቀመጠውንም ቤተ ሰብ ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራሉ። የመንገዶቹ መጥበብ ጥላ ይሰጣል። በምድር ቤቱ ፊት ያሉት ባለ ቅስት በረንዳዎች ነጋዴውንና ደንበኛውን ከሐሩር ይከልላሉ። በኖራ የነጣው ግድግዳ ብርሃኑን ይመልሳል። ከነዚህ ሁሉ በመጀመሪያ ለዓይን ተብሎ የተደረገ የለም፤ ዓይን ግን ሁሉንም ይወድዳቸዋል።

ተፈጥሮ ያስገደደችው ነገር ወደ ውበት የሚለወጥ መሆኑ በባሕር ዳር ብቻ የታየ አይደለም። በትግራይ በደብረ ዳሞ ተራራ ላይ ባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፥ ግንቡ እንዳይሰነጠቅ በድንጋዩ መካከል እንጨት በየተራው ተጋድሟል፤ የማሰሪያዎቹም እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህ የግንበኛ ብልኀት በጊዜ ብዛት ጌጥ ሆኖ ስለ ተቈጠረ፥ የአክሱም ጠራቢዎች በሐውልቶቻቸው ላይ ያንኑ የእንጨት ጫፍ በድንጋይ ቀረጹት። በ2005 ከሮማ ወደ አገሩ በተመለሰው 24 ሜትር ያህል ቁመት ባለው ሐውልት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በላሊበላም የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነባ መስሎ ተቀርጿል። በጅዳ ከተማ ባሉት የኮራል ቤቶችም በግንቡ መካከል በየእርከኑ እንጨት ተጋድሞ ይገኛል። ደጋና ቈላ፥ የባሕሩም ወዲህና ወዲያ፥ ለአንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መልስ አግኝተዋል።

ምጽዋ ብዙ መከራ አይታለች። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶቿን አፈረሰ፤ በ1990 የተደረገው ጦርነትም ከተማዪቱን ክፉኛ ጐዳ። በእንዲህ ያለ አደጋ የቈሰለን ሕንፃ ለመጠገን የሚነሣ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን ጥገናው ራሱ ሌላ አደጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአደጋውም መነሻ ሲሚንቶ ነው።

ሲሚንቶ በራሱ ስፍራ መልካም ነገር ነው፤ ለወደብ ግንባታና ለአዳዲስ መጋዘኖች ያለው ጥቅም አይካድም። በኮራል ግንብ ላይ ሲለሰን ግን ጠላት ይሆናል። የኮራል ግንብ ከመሬትና ከአየር ጨዋማ እርጥበት ይስባል። ልስኑ ኖራ በሆነ ጊዜ እርጥበቱ በልስኑ ውስጥ አልፎ ይተንናል፤ ጨዉ ልስኑን ቢበላው እንኳ ድንጋዩ ይድናል፤ ኖራውም በጊዜው ይታደሳል። ልስኑ ሲሚንቶ ሲሆን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጨዉ ከልስኑ በስተ ኋላ እየደረቀ ድንጋዩን ያደቅቀዋል። ላዩ ጽኑ መስሎ ሲታይ ውስጡ ዱቄት ይሆናል፤ በመጨረሻም ልስኑ በሰፊው ተገሽልጦ ይወድቃል። በውስጡ የሚገባው ፌሮም በባሕር አየር ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ዙሪያውን ይሰነጥቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጥገና በትክክል ይስማማል።

ቸልተኝነት ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ወደ ሰሜን ወደ ሱዋኪን መመልከት ይበቃል። ይህች የሱዳን ደሴት ከተማ ከምጽዋ ጋር አንድ ዓይነት የቤት አሠራር ነበራት። በ1909 የፖርት ሱዳን ወደብ ሥራውን በይፋ ከጀመረ በኋላ ነጋዴዎቿ እየተዉዋት ሄዱ፤ ነዋሪና ኖራ ያጡት ቤቶችም አንድ ባንድ ፈረሱ። ዣን ፒየር ግሪንሎ የተባለው ሰው ቤቶቹን ሥሎና ለክቶ በ1976 በመጽሐፍ ባያወጣቸው ኖሮ ስለ ብዙዎቹ ዛሬ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። መጽሐፍ መታሰቢያ ይሆናል እንጂ ማደሪያ አይሆንም።

በአንጻሩ የድንጋይ ከተማ የሚባለው የዛንዚባር ክፍል በ2000፥ የኬንያዋ ላሙ በ2001፥ ጥንታዊቱ ጅዳ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የዛንዚባርና የላሙ ቤቶች በኮራል ድንጋይና በባሕር ዳር በሚበቅለው በማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ ናቸው። አሥመራም በ2017 ስለ ዘመናዊ ሕንፃዎቿ ይህን ክብር አግኝታለች። እነዚህን ከተሞች ዓለም ያከበራቸው የራሳቸውን መልክ ስለ ጠበቁ ነው፤ መልኩን ያጣ ከተማ ግን እንግዳን በምን ይጠራል?

ነጋዴው «ኖራ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ሱቄን ቶሎ መክፈት አለብኝ» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ነገር ግን በችኰላ የተለሰነው ግድግዳ ሲወድቅ የሚጠፋው የልስኑ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የግንቡም ዋጋ ነው። ስለ አሮጌ ቤት መከራከር ሰውን መብራትና ውኃ በሌለበት ቤት ለማኖር መመኘት እንዳይመስል ያስፈልጋል፤ የመብራት ሽቦና የውኃ ቧንቧ ግንቡን ሳይጐዱ ሊገቡ ይችላሉ። ደግሞም ለጥገና ተብሎ ሕያው ኮራል ከባሕር መቈረጥ አይገባም። ኮራሉ የዓሣ መራቢያና የባሕሩ ዳርቻ መከላከያ ነውና፥ የአባቶችን ቤት ለማዳን የልጆችን ባሕር ማጥፋት ጥበብ አይሆንም።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ከባድ ነገር አይደለም። የከተማ አስተዳዳሪዎች በጥንታዊ ቤቶች የጥገና ጨረታና ውል ውስጥ ኖራ ግዴታ መሆኑን ይጻፉ። ከፈረሱት ቤቶች የሚገኘው የኮራል ድንጋይ ለመሬት መሙያ እንዳይጣል፥ ተሰብስቦና ተቈጥሮ ለጥገና ይቀመጥ። የኖራን አሠራር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወጣቶች ከሥራቸው ሆነው እንዲማሩ ደመወዝ ይመደብ። ነጋዴዎችም ሱቅና መጋዘን ሲከራዩ ለዓመታዊው የኖራ ቅብ የሚሆነውን ወጪ በኪራይ ውላቸው ውስጥ ያስገቡ፤ ባለ ፍርግርጉን መስኮት አውጥተው በቆርቆሮ ከመዝጋትም ይከልከሉ።

ባሕሩ ድንጋዩን ሰጥቷል፤ ፀሐዩና ነፋሱ ቅርጹን መርጠዋል፤ ያለፉት ግንበኞች ድካማቸውን ጨምረዋል። ከዛሬው ሹምና ከዛሬው ነጋዴ የሚፈለገው አዲስ ውበት መፍጠር ሳይሆን፥ የነበረውን በጠባዩ መንከባከብ ነው። ይህንም ለማድረግ አሁን ያለው የጥገና ወቅት ሳያልፍ መጀመር ተገቢ ነው።