ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሐኪሙስ?

እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦክንሃይም የሚኖር አንድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት የልጁን ድመት ታቅፎ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደ። ድመቱ ሽንት እምቢ ብሎት ነበር። ሐኪሟ መርምራ ካከመችው በኋላ ልዩ ምግብ አዘዘችለት፤ ከረጢቱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። «አገር ቤት ድመት አይጥ ይበላል፤ እዚህ በሐኪም ትእዛዝ ይመገባል» እያለ ሲያጫውተን ሳቅን። ድመቱ ዳነ። ወዳጄን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም፦ «ምግቡን ያዘዘችው ስለሚያስፈልገው ነው ወይስ ስለምትሸጠው?»

ጥያቄው ከአንድ ክሊኒክ በላይ ነው። ማርስ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በቸኮሌቱ እናውቀዋለን። ወደ እንስሳት ምግብ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ዛሬ ፔዲግሪ፣ ዊስካስና ሮያል ካኒን የእሱ ናቸው። በ2017 ቪሲኤ የተባለውን የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ድርጅት በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2018 ደግሞ ጀርመንን ጨምሮ በሰባት የአውሮፓ አገሮች 200 ያህል ክሊኒኮች የነበሩትን አኒኩራን ጠቀለለ። በ2023 ሄስካን ሲገዛ የምርመራ መሣሪያውም ተጨመረ። እንግዲህ ምግቡም፣ ምርመራውም፣ ሕክምናውም ወደ አንድ ካዝና ይገባሉ ማለት ነው።

ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበትም አለ። ጡረታ የሚወጣው የጀርመን ሐኪም ክሊኒኩን የሚረከበው ወጣት እንደ ልብ አያገኝም፤ ወጣቱ ከባንክ ዕዳ ይልቅ የወር ደመወዝ ይመርጣል። ውድ መሣሪያ ለመግዛትም አቅም ያለው ትልቁ ኩባንያ ነው። ሐኪሟም የተሳሳተ ምግብ አላዘዘችም።

ይሁንና እኔ መሐንዲስ ነኝ። አገር ቤት መንገድ ሲሠራ ተቋራጩ ሌላ፣ አማካሪ መሐንዲሱ ሌላ ነው። ይህ የሆነው ተቋራጩ ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ማንም የራሱን ሥራ በራሱ እንዳይመዝን ነው። ጀርመንም ይህን ለሰው መድኃኒት ታውቀዋለች፦ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ፋርማሲስት ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2009 ይህን ሕግ አጽንቶላታል። የእንስሳት ሐኪም ግን መድኃኒቱን ራሱ ያዝዛል፣ ራሱ ይሸጣል። በኖቬምበር 2022 ከፍ የተደረገው የክፍያ ተመን ለእያንዳንዱ ሕክምና ዋጋ ያስቀምጣል፤ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ብሪታንያ ነቅታለች። በ2013 ከክሊኒኮቿ በትልልቅ ቡድኖች እጅ የነበሩት 10 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 60 በመቶ ተጠጉ። የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ምርመራ ከፈተ፤ በኦክቶበር 2025 ባወጣው ጊዜያዊ ውሳኔም ክሊኒኮች ዋጋቸውንና የየትኛው ቡድን አባል እንደሆኑ በግልጽ እንዲያሳውቁ ሐሳብ አቀረበ።

ነገሩ የፈረንጅ ድመት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገራችንም በ2010 የተቋቋመው ኢትዮ ቺክን ጫጩትና መኖ ለገጠር ያደርሳል፤ ክትባቱና ምክሩም በዚያው ሰንሰለት ይመጣል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ባልደረሰበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዶሮዎቿ ሲታመሙባት፣ አንዲት እናት «መኖው ይሆን እንዴ?» ብላ የምትጠይቀው ሌላ ሰው ማን ነው?

ኩባንያዎቹን አባርሩ አልልም። ወደ ክሊኒክ ስትገቡ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የታዘዘው ምግብ በሌላ ድርጅት ምርት ይተካ እንደሆነም ጠይቁ፤ ሒሳቡም በዝርዝር ይሰጣችሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገራችን ሰው፤ ማንም አይወቅሰውም። ሐኪም ግን ለታማሚው መጮህ አለበት፤ ታማሚው ራሱ መናገር አይችልምና።