አበባው ጠማማ ቢሆንም የልጁ ይሁን፦ ለወላጆች ግልጽ ደብዳቤ



ክረምቱ እየወጣ ነው። ጳጉሜን ስትገባ ከልጆቻችሁ ጋር የአበባ ሥራ እንጀምራለን፤ አደይ እስካለች ድረስም እንቀጥላለን። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ማታ ይዞት የሚመጣው ሥራ ጠማማ፣ የተጨማደደና ሙጫ የተለቀለቀ ይሆናል። እንዲያ እንዳለ ተቀበሉት።

ይህን የምለው በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚደርሰንን ጥያቄ ስለማውቅ ነው። «የጎረቤት ልጅ ከማቆያዋ ያመጣችው አበባ እንዴት ያምራል! የእኛ ልጅ ምነው?» ትሉናላችሁ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ በመቀስ ክብ አይቆርጥም፤ ያ ያማረው አበባ የአስተማሪዋ እጅ ሥራ ነው። ቆርጣ፣ ለጥፋ፣ የልጁን ስም ጽፋ የላከችው እሷ ናት። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ማቆያውም ይመሰገናል፤ ልጁ ግን ያን ሰዓት ያሳለፈው ተቀምጦ ሲያይ ነው።

ምኞታችሁ ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ ልጃችሁን ያመጣችሁልን ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ እንዳለቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ የምታዩት በአንዲት ወረቀት ስለሆነ ወረቀቷ እንድታምር ትፈልጋላችሁ። ግን በሌላ ሰው እጅ ያማረች ወረቀት ስለ ልጃችሁ ምንም አትነግራችሁም።

አብዛኛው ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው እርሳስ ጨብጦ ይሞነጫጭራል። ሦስት ዓመት ገደማ ክብ አይቶ ክብ ለመሥራት ይሞክራል። አራት ማዕዘን የሚመጣለት አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ ለትንንሾቹ የምንሰጣቸው ሥራ መቅደድ፣ መጠቅለል፣ መጫንና መለጠፍ ነው። መቅደድ ቀላል አይምሰላችሁ። አንዱ እጅ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ መሄድ አለበት፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣትም ወረቀቱን ቆንጥጠው መያዝ አለባቸው። ነገ እርሳስ የሚይዙት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፉት፣ እንጀራ ቆርሰው የሚጠቀልሉት እነዚሁ ጣቶች ናቸው።

አምና ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ቢጫ ወረቀት ሰጥተነው፣ ምላሱን ከከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀስ እያለ ቀደደው። የቀደደውን ሁሉ ነጩ ወረቀት መሐል አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ለጠፈና በመዳፉ ደጋግሞ መታው። እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ሁለት እጁን ወደ ግራና ቀኝ ስቦ አሳያት፤ «ቀደድኩት፤ ከዚያ ዷ! ዷ!» አለ። እናቱ አብራው መቅደድ ጀመረች፤ እዚያው በር ላይ ቆመው አንድ የአሮጌ ጋዜጣ ገጽ ጨረሱ። እናንተም ማታ ስትገናኙ «ምንድን ነው?» ከምትሉት «እንዴት ሠራኸው?» በሉት።

ቀለሙን ከወጥ ቤት ነው የምናመጣው። ልጆቹ ጣታቸውን መላሳቸው ስለማይቀር፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን የገበያ ቀለም ማቅረብ አንደፍርም። ለቢጫው እርድ በለብ ያለ ውኃ እንበጠብጣለን፤ ለቀዩ ቀይ ሥር ፈቅፍቀን እንጨምቃለን፤ ለአረንጓዴው ቆስጣ ፈጭተን እናጠላለን፤ ቡናማው የቡና አተላ ነው። ሙጫችንም ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እየተማሰለ የወፈረ ነው።

ከሁሉም ልጆቹን የሚያስደንቃቸው እርዱ ነው። ወረቀቱን በእርድ ውኃ ቀብተን እናደርቃለን። ከዚያ ልጁ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት የልብስ ሳሙና በሟሟበት ውኃ እየነከረ ቢጫው ላይ ይስላል። የነካው ቦታ ሁሉ ወዲያው ይቀላል። የእርድ ቀለም ሳሙና ሲነካው ይለወጣል፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ልጆቹ ማብራሪያ አይጠይቁም፤ «ድገሚው!» ነው የሚሉት። ሳሙናው ዐይናቸው እንዳይገባ ሥራው እስኪያልቅ አንዲት ሞግዚት ከጠረጴዛው አትለይም።

ይህ ነገር እናንተንም ይነካል። የልጃችሁ ነጭ ልብስ እርድ ነክቶት ስታጥቡት ቢቀላ አትደንግጡ። ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚያው ምክንያት ሥዕሉን መስኮት ላይ አትለጥፉት፤ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይሻለዋል።

አደይንም ራሷን እናሳያቸዋለን። በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥር ስትፈካ ትልልቆቹን ይዘን እንወጣለን። የአበባዋን ቅጠሎች በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ አንዱ አምስት ሲል ሌላው አሥራ ሁለት ይላል፣ እንደገና ይቆጠራል። ጥቂት ራስ ብቻ እንቀጥፋለን፤ ከነሥሯ አንነቅላትም። የቀጠፍነውን በጋዜጣ መሐል አድርገን ከባድ መጽሐፍ እንጭንበታለን፤ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲደርቅ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። ሦስት ዓመት ያለፋቸው ደግሞ ከሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ከአንድ ኩባያ ጨውና ከአንድ ኩባያ ውኃ በተቦካ ሊጥ ንብ ይሠራሉ። ለታናናሾቹ ይህን አንሰጥም፤ ያን ያህል ጨው የዋጠ ሕፃን ይታመማል። ዶቃ፣ ቁልፍና ባቄላም ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ክፍል ውስጥ አይገቡም፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ።

ስለ እንቁጣጣሽ ሥዕል ደግሞ የልቤን ልንገራችሁ። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ፣ መልአክም ሥለው በየጎረቤቱ እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይሰጡ ነበር። አስተማሪ የሌለው፣ ታላቅ ለታናሽ የሚያሳየው የሥዕል ትምህርት ነበር። ዛሬ ብዙ ልጅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ነው የሚዞረው፤ እጁ ምንም አልሠራም። ይህ ያሳዝነኛል። ልጆቹን አልወቅስም፤ የታተመውን ደስ ብሎን የምንቀበል እኛ ነን። ዘንድሮ በማለዳ በራችሁ ሲንኳኳ በእጅ ለተሳለው ሥዕል ከታተመው ጨምራችሁ ስጡ። የሳለውን ልጅም ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ጠይቁት።

አንዳንድ ወላጆች ሥዕሉ ከሃይማኖት ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠይቃችሁኛል። መጠየቃችሁ ትክክል ነው። እኛ ጋ የሚሠራው አበባ፣ ዝናብ፣ ንብ፣ ሣርና ፀሐይ ነው፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራዋል። ከዚያ በላይ ያለውን እያንዳንዱ ቤት እንደ ራሱ ልማድ ይጨምርበት።

ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም። የእንቁላል ካርቶን፣ ያለቀ የሶፍት ጥቅል መሐል የሚቀረውን ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ባንድ በኩል ብቻ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት አትጣሉ፤ ጠዋት ልጁን ስታደርሱ በሩ አጠገብ ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣል አድርጉልን። የእንቁላሉ ካርቶን ጉድጓድ ጉድጓዱ ተነጥሎ በእርድ ሲነከር ጥሩ አበባ ይወጣዋል። ለሥራው ቀን ልጃችሁን አሮጌ ልብስ አልብሱት። አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ቀለም አጠገብ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል፤ ማን እንደተቆጣው እናውቃለን።

ዓርብ ከሰዓት ቀደም ብላችሁ መውጣት የምትችሉ ኑና አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ ወንበሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ምንጣፉ ላይ መቀመጥም ይቻላል። አባቶችንም እንጠብቃለን። የልጃችሁን ወረቀት ብቻ እንዳታቃኑለት፤ ለእናንተም የየራሳችሁ ወረቀትና እርድ ይሰጣችኋል።

የልጆቻችሁ ሞግዚትና አስተማሪ